የቆየ ወይን ጠጅ ሁሉ ይሻላልን?

ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚለው አባባል እጅግ ከመለመዱ የተነሣ፥ ወይን ጠጅ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው እንኳ ሳይጠራጠር ይናገረዋል። በመሥሪያ ቤት ለረዥም ዘመን ያገለገለን ሰው ለማመስገን የተነሣ ተናጋሪም «እንደ ወይን ጠጅ ነው» ብሎ ሲናገር ሁላችንም አጨብጭበናል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ዳሩ ግን ነገሩን ቀረብ ብለው የመረመሩት እንደ ሆነ እውነትነቱ በከፊል ብቻ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚጠመቀው ወይን ጠጅ የሚበልጠው ክፍል በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ቢያስቀምጡት ይደክማል እንጂ አይሻሻልም። በመቆየት የሚያተርፈው ጥቂቱ ነው። ከዚህም ከጥቂቱ መካከል በስም ከገነኑት አንዱ የፈረንሳይ አገር የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጅ ስለ ሆነ፥ የመቆየት ጥቅሙ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከቦርዶ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፥ በጋሮን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ጋሮን ከከተማዪቱ በታች ከዶርዶኝ ወንዝ ጋር ይገናኝና ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ሠርቶ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። በግራው ዳር ያለው የሜዶክ አገር መሬቱ ጠጠር ነው። ጠጠር ውሃን ቶሎ ያሳልፋል፥ የቀኑንም ሙቀት ይዞ ያቆያል፤ ስለዚህ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው የወይን ዓይነት በዚያ ተስማምቶት ይኖራል። በቀኙ ዳር፥ በሳንቴሚልዮንና በፖምሮል፥ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ይበዛል፤ በዚያም ቀድሞ የሚበስለውና ጠባዩ ለስለስ ያለው ሜርሎ ይገዛል። ወይን ጠጁ በአብዛኛው የሁለቱ፥ አንዳንድ ጊዜም የሌሎች ዓይነቶች ድብልቅ ነው።

በ1152 የአኪቴን እመቤት ኤሌኖር ሄንሪ ፕላንታጄኔትን አገባች። እርሱም ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነና አገሩ እስከ 1453 ድረስ በእንግሊዝ ነገሥታት እጅ ቆየ። በዚያ ሁሉ ዘመን መርከቦች የቦርዶን ወይን ጠጅ በበርሜል እየጫኑ ወደ እንግሊዝ ያመላልሱ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ያን ጊዜ ዋጋው የሚወደደው አዲሱ ወይን ጠጅ ነበር እንጂ አሮጌው አልነበረም። በበርሜል ውስጥ አየር እየገባው ዓመት የሞላው ወይን ጠጅ ወደ ሆምጣጤነት ያዘነብላልና፥ አዲሱ ጭነት ወደብ በደረሰ ጊዜ የአምናው በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ አለዚያም ይደፋ ነበር። እንግዲህ «አሮጌው ይሻላል» የሚለው ነገር ከአዳም ጀምሮ የነበረ ሕግ አይደለም። ጠንካራ ጠርሙስና ጥሩ ቡሽ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ከተስፋፉ በኋላ የመጣ ልማድ ነው። ወይን ጠጅ አየር ሳያገኘው ለብዙ ዓመት ተጋድሞ እንዲኖር ያደረጉት እነዚህ ሁለት ተራ ዕቃዎች ናቸው።

የአንድን ይዞታ ወይን ጠጅ በስሙ ለይቶ ማወቅም በዚያው ዘመን ተጀመረ። የለንደኑ ባለሥልጣን ሳሙኤል ፒፕስ በ1663 በዕለት ማስታወሻው ላይ ዛሬ ኦ-ብሪዮን የምንለውን የቦርዶ ወይን ጠጅ መጠጣቱን ጽፎአል፤ ስሙን ግን አጣሞ ነው የጻፈው። ለሕግ ተማሪዎችም አንድ ነገር ልጨምርላቸው። የመንግሥት ሥልጣን በሦስት ይከፈል በማለት በየትምህርት ቤቱ የምናውቀው ሞንተስኪዩ የቦርዶ ሰው ነው፤ የወይን ተክልም ነበረው፤ ወይን ጠጁንም ለእንግሊዞች ይሸጥ ነበር። መንግሥት በ1725 በዚያ አገር አዲስ ወይን እንዳይተከል በከለከለ ጊዜ ሞንተስኪዩ የተቃውሞ ጽሑፍ አቅርቦአል። የሕግ ፈላስፋ ሆኖ ስለ ወይኑ መከራከሩ ክብሩን የሚቀንስበት አይመስለኝም።

በ1855 ደግሞ ናፖሌዎን 3ኛ በፓሪስ ላደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ወይን ጠጆች በደረጃ እንዲቀርቡ ተፈለገ። ሥራውን የሠሩት ደላሎች ናቸው፤ የመደቡትም ለብዙ ዓመት የተሸጠበትን ዋጋ ተመልክተው ነው። ቀዩ ወይን ጠጅ በአምስት ማዕርግ ተከፈለ፤ ላፊት፥ ላቱር፥ ማርጎና ኦ-ብሪዮን በመጀመሪያው ማዕርግ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ማዕርግ ከፍ ያለ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በ1973 የተሾመው ሙቶን ነው። አንድ ሰው በ1855 የተሰጠውን ማዕርግ ይዞ እስከ ዛሬ ቢቀመጥ ምን እንደምንል አላውቅም፤ ስለ ወይን ጠጅ ሲሆን ግን ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

አሁን በጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደሚደረግ እንመልከት። የቀይ ወይን ጠጅ ቀለምም ጥንካሬም የሚመጣው ከፍሬው ልጣጭ ነው። ከልጣጩና ከዘሩ ታኒን የሚባለው ነገር ይወጣል። ታኒን ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ስኳር የሌለበት የከረረ ሻይ ወይም ያልበሰለ ሙዝ አፍን ጭምድድ እንደሚያደርግ ዓይነት ነው። በምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የአፋችንን ልስላሴ ስለሚወስድብን ምላስና ድድ ደረቅ ይሆናሉ። ለጋ የቦርዶ ወይን ጠጅ የሚፈራው በዚህ ነው። ጌሾ ለጠጅ ምሬት ሰጥቶ ከማሩ ጣፋጭነት ጋር እንደሚያመዛዝነው፥ ታኒንም ለወይን ጠጁ አጥንት ይሆነዋል፤ ከአየር ጉዳትም ይጠብቀዋል። ጠርሙሱ ተጋድሞ በቆየ ጊዜ የታኒኑና የቀለሙ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይከብዱና ወደ ታች ይወርዳሉ፤ አተላ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ ወይን ጠጁ ሲያረጅ ከሐምራዊ ወደ ቀይ፥ ከቀይም ወደ ሸክላ መልክ ይሄዳል። አፍ የሚይዘው ነገር ይለሰልሳል፤ የፍሬው መዓዛ እየራቀ ይሄድና በቦታው ሌላ መዓዛ ይተካል። እንግዲህ መቆየት ይሰጣል፥ ይወስዳልም። የሚነሣው ጥያቄ የሚሰጠው ከሚወስደው ይበልጣልን የሚለው ነው።

እኔ ለጥቂት ሳምንቶች ትምህርት ወደ ቦርዶ በሄድሁ ጊዜ ይህን ጥያቄ በማዕድ ላይ ለመፈተን ዕድል አገኘሁ። በማዕዱ ዙሪያ ስድስት ነበርን። አስተናጋጃችን በወይን ጠጅ ጥናት ትምህርት የተመረቀ ፈረንሳዊ ወጣት ነው፤ ባለቤቱ መሐንዲስ ናት። ከእነርሱ ሌላ በቅርቡ የመንግሥት ሥራ የያዘ አንድ ፈረንሳዊ፥ በዚያ የሚማር አንድ የአገሬ ልጅ፥ አንዲት የሴኔጋል ተወላጅ የሕክምና ተማሪና እኔ ነበርን። ሴኔጋላዊቱ ሃይማኖትዋ ስለማይፈቅድላት ወይን ጠጅ አትጠጣም፤ ስለዚህ የዳኝነቱን ሥራ ለእርስዋ ሰጠናት። አምስት ጠርሙስ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፥ ቁጥር ተጽፎበት ቀረበ። የይዞታዎቹን ስም ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ትቼዋለሁ። ሁለቱ ከሜዶክ ከአንድ ይዞታ የመጡ የ2019 እና የ2005 ናቸው፤ ሁለቱም ከሳንቴሚልዮን፥ እንዲሁ ከአንድ ይዞታ፥ የ2020 እና የ1998 ናቸው። አምስተኛውን ያመጣው የመንግሥት ሠራተኛው ነው፤ ከአራቱ ጠርሙሶች ዋጋ ድምር የማያንስ አውጥቶበታል፤ እርሱም የ1984 ነበር። ከአስተናጋጃችን በቀር የቱ ቁጥር የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የሚቀዳውም ከብርጭቆ ታች ጥቂት፥ ሁለት ጉንጭ የሚያህል ብቻ ነው። አምስት ጠርሙስ የሚለውን ያነበበ ሰው ስካር እንዳይመስለው።

በመጀመሪያ ያለ ምግብ ቀመስን። የሜዶኩ ለጋ ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት የበሰለ አጋም ይሸታል፤ ከአጋሙም ኋላ አዲስ የተላገ ጣውላ የሚመስል ነገር አለ፤ ይህም ወይን ጠጁ ከከረመበት 225 ሊትር ከሚይዘው የባሉጥ እንጨት በርሜል የመጣ ነው። በተጐነጩት ጊዜ ግን ድድን ጨምድዶ ይይዛል። የ2005ቱ መልኩ ዳር ዳሩን ወደ ሸክላ አዘንብሎአል፤ ጣዕሙም የተስማማ፥ አፍ የማይጣላ ነው። ከአምስታችን አራታችን አሮጌውን መረጥን። ከሳንቴሚልዮኖቹም ለጋው የፍሬ ጣዕሙ የሞላ፥ ጭምደዳውም ከሜዶኩ ያነሰ ነበር። የ1998ቱን በቀመስን ጊዜ ግን ጥቂት ዝም አልን። ፍሬው ርቆአል። በቦታው እንጉዳይ፥ የረጠበ ቅጠል፥ ደግሞም ሌላ ስም የጠፋለት መዓዛ አለ። የአገሬ ልጅ ብርጭቆውን ደጋግሞ ካሸተተ በኋላ «የብራና መጽሐፍ ማኅደር ነው» አለኝ በአማርኛ። አያቱ ቤት ተሰቅሎ የነበረውን የቆዳ ማኅደር ማለቱ ነው። ይህን ወደ ፈረንሳይኛ ለመመለስ ብዙ ደከምን፤ በመጨረሻም «አሮጌ ቆዳ» አልናቸውና፥ አስተናጋጃችን «እኛም እንዲሁ እንላለን» ብሎ ሳቀ።

ከዚህ በኋላ ሥጋው መጣ። በዚያ አገር ልማድ የበሬ ጐድን ሥጋ በደረቀ የወይን ሐረግ ፍም ላይ ይጠበስና በቀጭን የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት መሰል ሻሎትና የአጥንት መቅን ይደረግበታል። ስቡ ገና እየተንጫጫ ቀረበልን። የቀሩትን ብርጭቆዎች እንደገና እየተጐነጨን ፍርዳችንን በሌላ ወረቀት እንድንጽፍ ዳኛችን አዘዘች። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይኸኛው ወረቀት ነው። አሮጌውን የሜዶክ ከመረጡት ከአራታችን ሦስታችን ወደ ለጋው ዞርን። ምክንያቱ አስማት አይደለም። ታኒኑ የሚጣበቅበት ሌላ ፕሮቲን ከሥጋው ስላገኘ ድዳችንን ለቀቀው፤ ስቡና ጨውም አለሰለሱት፤ አፍ ይጨመድድ የነበረው ያ ለጋ ወይን ጠጅ ከስቡ ኋላ አፍን የሚያጥብ ሆነ። ያን ያህል ያደነቅነው የ1998ቱ ግን ከመቅኑና ከሽንኩርቱ ጋር ድምፁ ጠፋ፤ ማኅደሩም ቅጠሉም አልተሰማም። ሥጋው ተነሥቶ ጥቂት ዳቦና ለስላሳ አይብ ብቻ በቀረ ጊዜ እንደገና ተመለሰ። ፍርድ የምንሰጠው ስለ ወይን ጠጁ ይመስለን ነበር፤ የፈረድነው ግን ስለ ማዕዱ ነው።

አምስተኛው ጠርሙስ ገና ቀርቶአል። አስተናጋጃችን እንደ ሕፃን ተሸክሞ አመጣው፤ አተላው እንዳይናወጥ ከሻማ ብርሃን ፊት ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠው። መልኩ የቀዘቀዘ ሻይ ይመስላል። ጣዕሙ ቀጭን ነው፤ ከቀጭንነቱም በላይ ወደ ሆምጣጤ የሚሄድ ነገር ነበረው። አምስታችንም በወረቀታችን ላይ የመጨረሻውን ቦታ ሰጠነው። ጋዜጣው በተገፈፈ ጊዜ ያ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የራሱን ጠርሙስ አወቀ። ብርጭቆውን አንሥቶ እንደገና ቀመሰና ዓይኑን ጨፍኖ፥ ጥልቀት እንዳለው፥ ይህን ጥልቀት ለመረዳት ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ይነግረን ጀመር። ሴኔጋላዊቱ ምንም አልተናገረችም። ወረቀቱን ከክምሩ ውስጥ መዝዛ ከፊቱ አኖረችለት። በራሱ እጅ «የሞተ» ብሎ ጽፎበታል። እርሱም ከሁላችን በፊት ሳቀ፤ ይህ የሚያስመሰግነው ነው።

በዚያ ጠርሙስ የደረሰው ነገር ምስጢር የለውም። በ1984 በቦርዶ ሜርሎ በአበባው ጊዜ አልተሳካለትም፤ ፍሬ ሳይዝ በብዛት ረገፈ፤ በዚያ ዓመት የተጠመቀውም ወይን ጠጅ ቀጭን ሆኖ ተወለደ። ከእርሱ በሁለት ዓመት የሚቀድመው የ1982ቱ ግን በስም ከታወቁት ታላላቅ ዓመቶች አንዱ ነው። ሁለቱ በአንድ ጨለማ ክፍል ጐን ለጐን ተጋድመው እኩል ዘመን ቢኖሩ ጊዜው ለአንዱ የሚያሳድገው ነገር ያገኛል፤ ለሌላው ግን አያገኝም። ወጣቱ ገንዘቡን የከፈለው ለቁጥሩ ነው።

በዓይን የሚታየው ነገር ምላስን ምን ያህል እንደሚመራ በዚያችው በቦርዶ በሳይንስ ተፈትኖአል። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ፍሬዴሪክ ብሮሼና ባልደረቦቹ ለ54 የወይን ጠጅ ጥናት ተማሪዎች መዓዛ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ጠጅ አቀረቡላቸው። ተማሪዎቹም መዓዛውን ለቀይ ወይን ጠጅ በተለመዱት ቃላት ገለጡት። እነዚህ እንግዲህ ሙያቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። እኛማ ጋዜጣው ባይኖር ኖሮ የ1984ቱን ምን ያህል እናወድሰው እንደ ነበር አስባችሁ ፍረዱ።

ለጋውን የምናደንቀው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ለጋው ራሱም ከቀድሞው ተለውጦአል። በ2004 ያረፈው የቦርዶው ሊቅ ኤሚል ፔይኖ ገበሬዎቹ ፍሬውን ከበሰለ በኋላ እንዲለቅሙ፥ የበሰበሰውንም እየለዩ እንዲጥሉ፥ ዕቃቸውንም በንጽሕና እንዲይዙ ለብዙ ዘመን ሲያስተምር ኖሮአል። የበሰለ ፍሬ ታኒኑ የለዘበ ነው። ስለዚህ አባቶች ለልጆቻቸው ያስቀምጡት የነበረው ዓይነት ወይን ጠጅ ዛሬ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊጠጣ ይችላል። ደግሞም መጠበቅ የሚፈልግ ገዢ እያነሰ ሄዶአል። በፈረንሳይ አገር ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠጣው ሰው ቍጥር ከቀነሰ ቆይቶአል፤ ስማቸው የገነነው ይዞታዎች ባይጐዱም፥ ስም የሌላቸው ብዙ የቦርዶ ገበሬዎች ወይን ጠጃቸውን የሚገዛ አጥተው ተቸግረዋል። በ2023 ወይኑን ነቅሎ ለሚጥል ገበሬ በሄክታር 6,000 ዩሮ እንዲከፈለው ተወሰነ። አስተናጋጃችን ይህን ሲነግረን ፊቱ ተለወጠ፤ አጐቱ ከነቀሉት አንዱ ናቸው። ያ እኛ በማዕድ ላይ የወደድነው ዓይነት፥ ዋጋው መጠነኛ የሆነ፥ ከሥጋ ጋር የሚጠጣ ለጋ ወይን ጠጅ ከእንዲህ ያለው ገበሬ የሚገኝ ነው። ከደመወዙ ለአንድ ጠርሙስ የሚተርፈው ወጣት ገንዘቡን ለአሮጌ ቁጥር ከሚከፍል ለእነዚህ ሰዎች ቢከፍል ይሻለዋል ባይ ነኝ።

በአገራችንም ይህን ፈተና መሞከር የሚሻ ሰው ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። ሁለት ጠርሙስ፥ የቆየ ጋዜጣ፥ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ለጋው ከመጠጣቱ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ወደ ሰፊ ዕቃ ተገልብጦ አየር ቢያገኝ ይለዝባል፤ በጣም ያረጀው ግን ብዙ አየር አይችልምና ሊጠጣ ሲል ብቻ ይከፈት። የአዲስ አበባ ቤት በማታ ጊዜ ያለው ቅዝቃዜ ለቀይ ወይን ጠጅ የተስማማ ስለ ሆነ በበረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። ወጡ በርበሬ የበዛበት ከሆነ ታኒን የበርበሬውን ማቃጠል ያብሰዋል፤ ስለዚህ ጥብስ ይመረጣል።

ጠርሙሱም የግድ ከፈረንሳይ መምጣት የለበትም። ካስቴል የተባለው፥ በ1949 በቦርዶ የተቋቋመው ኩባንያ፥ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን አስተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በ2014 ለገበያ አውጥቶአል። ያ የስምጥ ሸለቆ ወይን ጠጅ በሃያ ዓመቱ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ሰው የለም፤ ሃያው ዓመት ገና አልሞላምና። ከመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች አንዱን በጨለማ ክፍል አጋድሞ ያስቀመጠ ወዳጅ ካለ በ2034 ለእራት ይጥራን፤ ጋዜጣውን እኛ ይዘን እንመጣለን።